አስማቱን ፈልጌ አጣሁት

ከድሬዳዋ የተጻፈልኝ ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። መምህራችን የኮሎምቢያዊውን ደራሲ የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝን አንድ አጭር ልቦለድ ሰጥቶን የሕልም ቦታው ምን እንደሆነና ታሪኩን ማጂካል ሪያሊዝም (አስማታዊ እውነታ) የሚያሰኘው ምን እንደሆነ አራት ገጽ እንድንጽፍ አዝዞናል። ሕልም እያየች ደመወዝ ስለምትበላ ሴት ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አስማቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። ያደግኩት ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ አያቴ ጋ ነው። አያቴ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ሕልሟን ትናገራለች። አንድ ቀን ‹ዛሬ መንገድ አትውጣ› ብላው አጎቴ ጅጅጋ መሄዱን ትቷል። ለእኔ ይሄ የቤት ወሬ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ከስልኳ ላይ የሕልም ፍቺ አውጥታ ውኃ እንዲህ ነው፣ እባብ እንዲያ ነው እያለች ሁለት ገጽ ሞልታለች። እኔ የገባኝ አልመሰለኝም። አያቴን ልጥቀስ ወይ? ኋላ ቀር እንዳያስብለኝ ፈራሁ። ማስረከቢያው ሰኞ ነው። ደግሞ ታሪኩን ያነበብኩ ማታ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በሕልሜ አየሁ። ለአያቴ ልንገራት ወይስ ይቅር?»

እህቴ፣ ገብቶሻል። አልገባኝም ብለሽ የደነገጥሽበት ነገር ራሱ ነው የጽሑፍሽ መግቢያ። ግን መጀመሪያ ታሪኩን ላላነበቡት ባጭሩ ላውራላቸው። አንቺም እርሳስሽን የት የት ማሳረፍ እንዳለብሽ በዚያው ታያለሽ።

ሃቫና ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ተራኪው ሃቫና ሪቪዬራ ሆቴል ሰገነት ላይ ቁርስ እየበላ ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ ግዙፍ ማዕበል ከባሕሩ ተነስቶ በዳርቻው መንገድ ላይ የነበሩትን መኪናዎች ያነሳቸዋል፣ አንዷን ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ይሰካታል። መኪናዋ ውስጥ አንዲት ሴት ሞታ ትገኛለች። የአዲሱ የፖርቱጋል አምባሳደር የቤት ኃላፊ ነበረች። ጣቷ ላይ የእባብ ቅርጽ ያለው የወርቅ ቀለበት አለ፣ የእባቡ ዓይኖች ኤመራልድ ናቸው። ተራኪው ስለ ቀለበቱ ሲሰማ ከ34 ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ ያወቃት ሴት ትዝ ትለዋለች። ኮሎምቢያ የተወለደች ናት። የላቲን አሜሪካ ተማሪዎች «ፍራው ፍሪዳ» ይሏታል። ምን ሠርተሽ ትኖሪያለሽ ሲላት፣ ለማለም እከራያለሁ ትለዋለች።

የታሪኩ ርዕስም ይሄው መልሷ ነው። በስፓኒሽ «ሜ አልኪሎ ፓራ ሶኛር» ይላል። አንቺ ያነበብሽው የእንግሊዝኛው ትርጉም «ሕልሜን እሸጣለሁ» ወደሚል አዙሮታል። ልዩነቱን ልብ በይልኝ። የተሸጠ ነገር ከእጅሽ ይወጣል። የተከራየ ሰው ግን ነገም ጠዋት ሥራ ይገባል። ፍሪዳ ተቀጣሪ ናት። ሌሊት ታያለች፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ታስረክባለች። ይሄን ብቻ ብትጽፊ አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣሻል፣ መምህርሽም ርዕሱን ከምንጩ እንዳየሽው ያውቅልሻል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። በእሷ ላይ መፍረዴ አይደለም፣ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ነው። ሕልም ያለበት ጽሑፍ ሲሰጠን እጃችን ቶሎ ወደ ፍቺ ይሄዳል። ጥርስ ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል፣ ሠርግ ካየሽ ሐዘን ነው፣ ሁላችንም ቤት ውስጥ የሰማነው ነው። ግን ይሄ ታሪክ ራሱ እንዲህ ዓይነቱን ፍቺ ገና ከመጀመሪያው ያፈርስባታል። ፍሪዳ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንዱን ወንድሟን ጎርፍ ሲወስደው በሕልሟ ታያለች። እናትየው እንደማንኛውም እናት ውኃውን ውኃ ብላ ተረድታ ልጁን ወንዝ እንዳይዋኝ ትከለክለዋለች። ፍሪዳ ግን ሕልሙ ልጁ ጣፋጭ እንዳይበላ ነው የሚለው ትላለች። አምስት ዓመቱ ነው፣ ከረሜላ አንቆት ይሞታል። ጎርፍና ከረሜላ ምን አገናኛቸው? በየትኛውም የሕልም ፍቺ መጽሐፍ አይገናኙም። ማርኬዝ ሆን ብሎ ነው ያላገናኛቸው። ስለዚህ «ውኃ ማለት እንዲህ ነው» የሚል ሁለት ገጽ ታሪኩ ውስጥ ካለችው እናት ጋር አብሮ ይሳሳታል። ይሄን በደግ አንደበት ንገሪያት፣ ሰኞ ሳይደርስ።

ታዲያ በምን እንያዘው? በእኔ በኩል የሚጠቅመው ጥያቄ «ሕልሙ ምን ማለት ነው» አይደለም። «ሕልሙን ማን ሰማ፣ ሰምቶስ ምን አደረገ» ነው። ታሪኩን አራተኛ ጊዜ አንብቢው፣ እርሳስ ይዘሽ። ሕልም በመጣ ቁጥር ዳር ላይ አራት ነገር ጻፊ፦ ማን አየ፣ ማን ፈታ፣ ማን ታዘዘ፣ ምን ሆነ። አታስረዝሚው፣ አንድ አንድ ቃል ይበቃል። እንዲህ ስታደርጊ ታሪኩ መልኩን ይለውጥብሻል። ስለ ሕልም የሚያወራ መስሎሽ የነበረው ስለ መታዘዝ ሲያወራ ታገኚዋለሽ።

የቪየናውን ቤተሰብ እይው። ፍሪዳ ተርባ በር ታንኳኳለች፣ ምን ትችያለሽ ሲሏት አልማለሁ ትላለች። ለኪስ ገንዘብ በምትበቃ ደመወዝ፣ ከመኝታና ከሦስት ጊዜ ምግብ ጋር ይቀጥሯታል። አባትየው የተማረ የገንዘብ ሰው ነው፣ እናትየዋ ሙዚቃ ወዳድ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሃይማኖተኛ ቤት ነው። ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም በዪ። ውጪ ያለው እውነት ከቅዠት በከፋበት ጊዜ ነው የእሷ ቃል በቤቱ ውስጥ ብቸኛ ሕግ የሆነው። ማን ዛሬ ይወጣል፣ ማን ይቀራል፣ ቁርስ ላይ እሷ ትወስናለች። ሰው ነገን ማወቅ ሲያቅተው አውቃለሁ ለሚለው ሰው ቁልፉን ያስረክባል። በመጨረሻ አባትየው ሲሞት ከሀብቱ ድርሻ ይተውላታል፣ ለቤተሰቡ ማለሟን እንድትቀጥል በሚል ውል። ዓመታት አልፈው ፖርቱጋል ውስጥ ደልቷት እንደምትኖር ስትነግረው ተራኪው ሕልሞችሽ የመኖሪያ ዘዴ ነበሩ ብዬ ነው የማስበው ይላታል። አታላይ ናት? ታያለች? ታሪኩ ሁለቱንም በር ክፍት ትቶታል። አንቺም አንዱን አትዝጊ። «ፍሪዳ አጭበርባሪ ናት» ብለሽ ከደመደምሽ ሦስተኛው ገጽ ላይ የምትጽፊው ያልቅብሻል።

ተራኪው ራሱ ደግሞ እንዴት ያለ ሰው ነው! እወደዋለሁ። አንድ ማታ ፍሪዳ ጆሮው ላይ ጠጋ ብላ በሕልሜ አይቼሃለሁ፣ አሁኑኑ ቪየናን ልቀቅ፣ አምስት ዓመት እንዳትመለስ ትለዋለች። ያንኑ ሌሊት የመጨረሻውን የሮም ባቡር ይዞ ይሄዳል። ስለ ሕልሞቿ እንዲያ የሚጠራጠረው ሰውዬ ቪየናን ዳግም አይረግጣትም፣ ምን እንደሆነ ከማያውቀው አደጋ እንደተረፈ እየቆጠረ ይኖራል። አፉ ይጠራጠራል፣ እግሩ ግን ሄዷል። ይሄ አጎትሽ አይደለም? አጎትሽ ያን ቀን መንገዱ ላይ ምንም ይድረስ ምንም አይታወቅም፣ ያልተሄደ መንገድ አይመሰክርም። ቀርቷል፣ በቃ።

አሁን አስማቱን ስላጣሽበት ነገር። ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1927 ኮሎምቢያ ውስጥ አራካታካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው የተወለደው፣ ልጅነቱንም ያሳለፈው በእናቱ ወላጆች ቤት ነው። አያቱ የሙታንንና የጥንቆላን ነገር ስታወራ ፊቷ ቅንጣት አይለወጥም ነበር፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። የአጻጻፉን ድምፅ ያገኘሁት ከእሷ ነው ይል ነበር። በዚያ ላይ ጋዜጠኛ ነበር። ለዚህ ነው ማዕበሉን ሲነግርሽ በሰዓቱ፣ በሆቴሉ ስም፣ በቁርሱ የሚጀምረው። ሪፖርት ነው የሚመስለው። ማጂካል ሪያሊዝም የሚሉትም በአብዛኛው ይሄው ነው። ጉዱ የሚነገረው ያለ ግርምት ነው። እዚያ ያለው ሰው ስላልተገረመ አንባቢም መገረሙን ለአፍታ ይረሳዋል። አንቺ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተገረምሽም፣ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት ድምፅ ነው ያደግሽው። አንቺ ላይ የጎደለ ነገር የለም። በታሪኩ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ነው ያነበብሽው።

የጅቦቹን ነገር አስቢ። ሐረር የሚመጣ ቱሪስት ሰው ጅብን በአፉ በያዘው እንጨት ሲያበላ አይቶ ትንፋሹ ይቆማል። በዓሹራ ጊዜ ደግሞ ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርብና አበላላቸው ታይቶ ስለ መጪው ዓመት ይተነበያል። ሐረር ላደገ ልጅ ይሄ ዓመት በዓል ነው። ለእንግዳው ተአምር ነው። ያው አንድ ነገር ነው፣ የሚለየው ቆሞ የሚያየው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የኩባው ደራሲ አሌሆ ካርፔንቲየር ይሄንኑ በራሱ መንገድ ብሎታል፦ በእኛ ምድር አስደናቂው ነገር እውነታው ውስጥ ነው ያለው፣ መፍጠር አያስፈልግም። ቃሉ ራሱ ግን ከአውሮፓ ነው፣ ፍራንዝ ሮ የተባለ ጀርመናዊ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ሥዕል ሲጽፍ ነው የተጠቀመበት። ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብተሽ እለፊ። ከዚያ በላይ ከሄድሽ ጽሑፉ የታሪክ ትምህርት ይሆንብሻል።

ደቻቱን ደግሞ አንቺ ራስሽ አንስተሽዋል። የድሬዳዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራና መጋላን፣ የሚለየው ያ አሸዋ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ሰው እያወራ ይሻገረዋል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፣ ስለዚህ ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ይሄን ድሬን ለማያውቅ ሰው ንገሪው እስቲ፦ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ደረቁ አሸዋ ተነስቶ መጣ። ልቦለድ ነው ይልሻል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ከሰማሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የማይለቀኝ፣ «እኔ እኮ አይቼው ነበር» ይሉ የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንዷ በሕልሟ ምንጣፏ ረጥቦ አይታለች፣ አንዱ የሞተች እናቱ ስትጠራው ሰምቷል። ማናቸውም ግን ቀድመው አልተናገሩም። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ውሸት ነው ብዬ በልቤ ተናደድኩባቸው። አሁን እንደዚያ አላስብም። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት፣ ያለ ምክንያት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሄደ ብሎ መቀመጥ ለሰው ይከብዳል። ሕልሙ ቀድሞ መጥቶ ከሆነ ቢያንስ አንድ ነገር ሊነግረን ሞክሮ ነበር ማለት ነው። የሃቫናው ማዕበል ታሪኩን የሚከፍተው በከንቱ አይመስለኝም። ለሰው ሁሉ ነገን ስትነግር የኖረች ሴት (እሷ ከሆነች፣ ተራኪው በስሟ አላረጋገጠም) ሞቷ የመጣው ማንም ባላሰበው ውኃ ነው። ስለ ራሷ አላየችም? አይታስ ዝም አለች? ይሄን ጥያቄ ጽሑፍሽ ውስጥ ሳትመልሺው አስቀምጪው።

አሁን አያትሽ። ጥቀሻት። የሚያሳፍር ምንም ነገር የለውም። ግን «አያቴም እንደ ፍሪዳ ናት» ብለሽ እንዳታልፊ፣ እንደሷ አይደለችምና። ልዩነቱ ነው የሚጠቅምሽ። በእኛ ቤት ሕልም ሲነገር ምን ይሆናል? አንዷ «መልካም ያድርገው» ትላለች፣ ጎረቤቷ «ኸይር ይሁን» ትላለች፣ ሌላዋ አይ እሱ እኮ እንዲህ ማለት ነው ብላ ትገለብጠዋለች፣ ክፉ ከመሰለ ደግሞ «ሕልም እልም» ብለው ይሸኙታል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የምንለው ለዚህ ነው። የሚያየው አንድ ነው፣ የሚፈቱት ብዙ ናቸው፣ የሚወስነው ደግሞ መንገደኛው ነው። የዮሴፍን ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስም ቁርዓንም ይነግሩናል፣ እዚያም ያየው ንጉሡ ነው፣ የፈታው እስረኛው። ሁለት ሰው ናቸው። ፍሪዳ ግን ራሷ ታያለች፣ ራሷ ትፈታለች፣ ራሷ ታዛለች፣ ክፍያውንም ራሷ ትቀበላለች። «አይ፣ እንዲያ አይደለም» የሚላት ጎረቤት ቁርሱ ላይ የለም። ቡና የለም! አያትሽ በነፃ ትነግራለች፣ ማንም ሰው ስኒውን ጨርሶ ሳይሰማት ሊሄድ ይችላል። የቪየናው ቤተሰብ አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፊ። ይሄን ከክፍልሽ ውስጥ ካንቺ ሌላ ማንም አይጽፈውም። አያትሽን ግን አስፈቅጃት፣ ስሟንም አትጻፊ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እኔ ራሴ ከብዙ ንባብ በኋላ ነው ያየሁት። ባርሴሎና ላይ ፓብሎ ኔሩዳ የሚገባበትን ቦታ ታስታውሻለሽ? ኔሩዳ እውነተኛ ሰው ነው፣ የቺሊ ባለቅኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቤል ያገኘ። ታሪኩ ውስጥ በሕልም ትንቢት አያምንም፣ ነገን የምታይ ቅኔ ብቻ ናት ባይ ነው። ምሳ ላይ ፍሪዳን እዚያው ያገኟታል። ኔሩዳ ምሳ በልቶ ሸለብ ያደርገዋል፣ ሲነቃ እኔን በሕልሟ የምታየኝን ያቺን ሴት አየኋት ይላል። ተራኪው ይሄማ የቦርሄስ ነው ይለዋል፣ ቦርሄስ የአርጀንቲናው ደራሲ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥልፍልፍ የሚወድ። ቆይቶ ተራኪው ፍሪዳን እንደገና ያገኛታል። እሷም ከእንቅልፏ መነሳቷ ነው። ባለቅኔውን አየሁት፣ እኔን በሕልሙ ሲያየኝ አየሁት ትለዋለች። አሁን እርሳስሽን አንሺ። ማን አየ? ሁለቱም። ማን ታዘዘ? ማንም። ምን ሆነ? ምንም። የከረሜላውን ታሪክ የሰማነው ከእሷ አፍ ነው። የቪየናው አደጋ መምጣት አለመምጣቱ አልታወቀም። ተራኪው ከሁለቱም ወገን በጆሮው ሰምቶ የመሰከረው አንድ ሕልም ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ማንንም አላዘዘም፣ አንድ ሳንቲምም አላስገባም። ከዚያ ቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ሂጂ። አምባሳደሩ በአድናቆት ስለ ሴትየዋ ሲያወራ ይቆይና በተግባር ምን ነበር የምትሠራው ሲሉት፣ ምንም፣ ታልም ነበር ይላል። ይሄ መልስ ከኔሩዳው ሕልም ጎን ሲቀመጥ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። እንዴት እንደሚሆን አንቺ ጻፊው፣ አራተኛው ገጽሽ እሱ ነው።

ትንንሾቹ ነገሮች። «ማርኬዝ ሮም ሄደ» አትበዪ፣ «ተራኪው» በዪ፣ ቢመሳሰሉም። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ መግቢያ ላይ አትከምሪው፣ አያቱን ብቻ ተዪለት። ታሪኩ ያለበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የ12 ታሪኮች ስብስብ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ካገኘሽው መቅድሙን አንብቢው፦ መጽሐፉ የተጸነሰው ደራሲው የራሱን ቀብር በሕልሙ አይቶ ነው። ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት ይቆይና ሰው ሲበተን አብሮ ሊሄድ ይነሳል። አንዱ ወዳጁ መሄድ የማትችለው አንተ ብቻ ነህ ይለዋል። እኔ ይሄን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

መጀመሪያ የምትጽፊው ዓረፍተ ነገር ለመምህሩ የሚያምር እንዲሆን አትጨነቂ። ለእኔ የጻፍሽው «አያቴ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ሕልሟን ትናገራለች» የሚለው አለ፣ እሱን ወደ እንግሊዝኛ አዙሪውና ከዚያ ቀጥዪ። ቅዳሜ ጨርሺው፣ እሑድ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ የደነቃቀፈሽን ቦታ አስተካክዪ።

ስለ ደቻቱ ሕልምሽ፣ ለአያትሽ ንገሪያት። በስልክም ቢሆን ይሆናል፣ ጠዋት ደውዪ፣ ሳይፈላ። መጀመሪያ ሕልሙን፣ ከዚያ ስለ እሷ መጻፍ እንደምትፈልጊ። ጎረቤት ካለ የስልኩን ድምፅ ከፍ ታድርገውና ሁሉም ይስማ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።